አሮጌዋን ኤሌክትሪክ መኪናዬን ለማን እንደሰጠኋት

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቤተስዳ ሥራ ቦታዬ ለዓመታት ያመላለሰችኝ የ2013 ኒሳን ሊፍ፣ አዲስ ሳለች በአንድ ሙሉ ቻርጅ 75 ማይል ያህል እንደምትሄድ የተመዘገበላት መኪና ነበረች። ዕድሜ ለባትሪም አይቀርምና፣ መሪው ፊት ባለው ማሳያ ላይ የባትሪውን አቅም ከሚያሳዩት 12 መስመሮች 8ቱ ብቻ ሲቀሩ፣ በብርድ ቀን ማሞቂያውን ከፍቼ 35 ማይል እንኳ ልተማመንባት አልቻልኩም። ባልቲሞር ደርሳ መመለስ ስለማትችል ለእኔ አልበቃ አለች፤ በቀን 15 ማይል ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን ገና ብዙ የምታገለግል ነበረች። መኪና ነጋዴ የሰጠኝ ዋጋ ለክርክር እንኳ የሚያበቃ ስላልነበረ፣ ለበጎ አድራጎት ልሰጣት ወሰንኩ።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ መንግሥት በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ተፈላጊ ሆኗልና ለምን አትልክልኝም ብሎኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የመኪናዋ የፈጣን ቻርጅ መሰኪያ ቻዴሞ የሚባለው የጃፓኖች ዓይነት ሲሆን፣ እዚያ በብዛት የገቡት ደግሞ መሰኪያቸው የተለየ የቻይና መኪኖች ናቸው፤ አንድ ሦስተኛ ያህል አቅሙን ያጣ ባትሪ በመርከብ ጭኖ መላክም ለወንድም ስጦታ ሳይሆን ዕዳ መላክ ነው።

እዚህ አሜሪካ መኪና ለመለገስ ያሰበ ሰው በቅድሚያ የሚሰማው ስለ ታክስ ተቀናሽ፣ ማለትም ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ስለሚቀነሰው ገንዘብ ነው። ከ2005 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት፣ ድርጅቱ መኪናውን በሐራጅ ቢሸጠውና ዋጋው ከ500 ዶላር ቢያልፍ፣ ለጋሹ ሊያስቀንስ የሚችለው መኪናው የተሸጠበትን ገንዘብ ብቻ ነው እንጂ ኢንተርኔት ላይ ያየውን የገበያ ዋጋ አይደለም። ድርጅቱ ራሱ ለዓላማው በሚገባ ከተገለገለበት፣ ጉልህ እድሳት ካደረገለት፣ ወይም ለችግረኛ በነጻ ወይም ከገበያ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ካስተላለፈው ግን የገበያ ዋጋው ሊታሰብ ይችላል፤ ይህንንም 1098-ሲ በተባለው ፎርም ላይ ገልጾ ለለጋሹ ይልካል። ይሁንና ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ወጪውን በዝርዝር ለሚያስመዘግብ ሰው ነው። ለ2025 የታክስ ዓመት አብረው ለሚያሳውቁ ባልና ሚስት ወጪ ሳይዘረዘር የተፈቀደው መደበኛ ተቀናሽ 31,500 ዶላር ሲሆን፣ የእኔና የባለቤቴ ወጪ ተደምሮ እዚያ ስለማይደርስ፣ ከልገሳው የምናገኘው ምንም የታክስ ጥቅም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳውቅ ቀለል አለኝ፤ የቀረው መኪናዋ ማን እጅ ትገባለች የሚለው ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ የደወልኩት ለልዩ ልዩ ድርጅቶች መኪና ወደሚሰበስብ አንድ ኩባንያ ነበር። ከሽያጩ ምን ያህሉ ለድርጅቱ እንደሚደርስ ጠይቄ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘሁም። እነሱ በበኩላቸው ሞተሩ ይነሳል ወይ፣ ማርሹስ ደህና ነው ወይ እያሉ ጠየቁኝ እንጂ ስለ ባትሪው አንድም ቃል አላነሱም። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ በእጅጉ የሚወሰነው በባትሪው ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ያንን ሳይጠይቅ የሚረከብ ሰው ወዴት እንደሚወስዳት መገመት አያቅትም።

ሁለተኛው፣ መኪና ጠግኖ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኛ ቤተሰቦች የሚሰጥ ድርጅት ነበር። የታክስ መሥሪያ ቤቱ በኢንተርኔት ባወጣው መፈለጊያ ስሙን አይቼ በጎ አድራጎት መሆኑን አረጋገጥኩ። የመካኒኩ የመጀመሪያ ጥያቄ ስንት መስመር ቀርቷል የሚል ሲሆን፣ ቀጥሎም የምትሰጠው ደጁ ላይ ማቆሚያና ሶኬት ላለው ሰው ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ተራው የ120 ቮልት ሶኬት በሰዓት 4 ማይል ያህል ስለሚሞላ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክታ ያደረች መኪና ለማግስቱ ሥራ ትበቃለች፤ አፓርታማ ለሚኖርና ሶኬት ለሌለው ሰው ግን ያችው መኪና ራስ ምታት ናት። ተስማሚ ቤተሰብ እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ጠብቅ አለኝ፤ ጠበቅሁ።

በዚያ መሐል መኪናዋ ቆማ ስለሰነበተች ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተች። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም እንኳ ትንሿ ከሞተች መኪናዋ አትነሳም፤ ያላወቀ ሰው ደግሞ የማትሠራ ብሎ መዝግቦ በርካሽ ይሸጣታል። ስለዚህ አዲስ ገዝቼ ቀየርኩላት። የቻርጅ ገመዱንና ሁለተኛውን ቁልፍ ከኋላ አስቀመጥኩ። ከናቪጌሽኑ ውስጥ የቤታችንን፣ የአማቼንና የቤተ ክርስቲያናችንን አድራሻ አጠፋሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ መኪናዋ ኑሯችንን ስትመዘግብ እንደኖረች ያኔ ነው የገባኝ። ልትወሰድ ስትል የፊት ጎማዎቿ መሬት ነክተው እንዳትጎተት፣ ሞተሯ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ሙሉ በሙሉ በጠፍጣፋ የጭነት መኪና ላይ እንድትጫን አጥብቄ ነገርኳቸው።

ታይትሉን፣ እኛ ሊብሬ የምንለውን፣ ፈርሜ አስረከብኩ። ታርጋዎቹን ፈትቼ ለሜሪላንድ የተሽከርካሪ አስተዳደር ከመለስኩ በኋላ ኢንሹራንሱን አቋረጥኩ፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ቅጣት ያስከትላል። 1098-ሲ ፎርሙ በፖስታ ሲደርሰን ለችግረኛ ተላልፏል የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎበት ነበር። ታክስ የሚሠራልን ሰው አይቶት እንደማያስፈልገን ነገረን፤ እኛም ከመኪናዋ የጥገና ደረሰኞች ጋር አስቀመጥነው።