ለኤልክ አደን ጠመንጃ ስትገዙ ትከሻችሁን አማክሩ

ኮሎራዶ ለምትኖሩና ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ለምታስቡ ነው የምጽፈው። ወረቀቱ አያስቸግርም። ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝነት ኮርስ መውሰድ አለበት፤ ቀላል ነው። ጠመንጃ ስትገዙ ማንነታችሁ ይጣራል፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን መጠበቅ ግድ ነው።

መከራው ካሊበር (የጥይት መጠን) ምርጫው ላይ ነው።

የሱቁ ሻጭ ገና «ኤልክ» ከማለቴ 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባል ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ አወረደ። ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በሌላ አይወድቅም አለኝ። ተኩሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ያልነገረኝ ይህን ነው፦ ማግነሙም፣ 30-06 እና 308 የሚባሉት ሌሎቹ ጥይቶችም የሚተፉት እርሳስ ውፍረቱ አንድ ነው። የሚለያዩት በቀለሃው ነው። የማግነሙ ቀለሃ ብዙ ባሩድ ይይዛል፤ እርሳሱ ይፈጥናል፣ ሰደፉም በዚያው ልክ ይራገጣል። በእኩል ክብደት ጠመንጃ ርግጫው ከ30-06 በሲሶ ገደማ ይበልጣል።

መለማመጃው ቦታ ጥቂት እንደተኮስኩ፣ ምላጩን ሳልስብ ዓይኔ ይጨፈን ጀመር። ጥይቴ ከኢላማው ሥር አፈር ያቦናል። የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ሳስተካክል ዋልኩ። ሲያየኝ የቆየ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ «እኔ ላጉርስልህ» አለና ሳላይ የተተኮሰ ባዶ ቀለሃ አጎረሰው። ሳብኩት፤ አልጮኸም፤ አፈሙዙ ግን ቁልቁል ዘለለ። መነጽሩ ምንም አልነበረበትም፤ እጄ ነው ጥይቱ ሳይወጣ የደነበረው። ይህ ልማድ ደግሞ አንዴ ከያዘ በቶሎ አይለቅም፤ በኋላ በትንሿ 22 ጠመንጃ እንኳ ስተኩስ ዓይኔ ይጨፈን ነበር። ጥይቱም ውድ ስለሆነ ተለማምጄ ልላቀቀው አልቻልኩም።

ማግነሙን ሻጩ ዘንድ መለስኩት። «ያገለገለ ነው» ብሎ የጠራልኝ ዋጋ እስካሁን ያበግነኛል። የተጎዳው ትከሻዬ እንጂ ጠመንጃው አልነበረም!

ከዚያ የገዛሁት 30-06 ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣ ጥይት ቢሆንም ኤልክን ለመጣል ምንም አይጎድለውም። አባቶቻችንም ያውቁታል፤ ቃኘው ሻለቃ ኮርያ የዘመተበት የኤም ዋን ጠመንጃ ጥይት ነው። አጎቴ በስልክ ስነግረው «ለአጋዘን ደግሞ ከኤም ዋን በላይ ምን ሊያደርግልህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ርግጫ የሚከብዳችሁ 308 ውሰዱ፤ ኤልኩ ልዩነቱን አያውቀውም።

የስቴቱ ሕግ በበኩሉ ለኤልክ 6 ሚሊሜትር ካሊበርና 85 ግሬን (የእርሳስ ክብደት መለኪያ ነው) እርሳስ ይበቃል ይላል። ለጀማሪ አይበቃም ባይ ነኝ። 243 በሚባለው ባለ 6 ሚሊሜትር ጥይት የሚጥሉ አሉ፤ እንስሳው ጎኑን እስኪሰጣቸው መታገስ የሚችሉ፣ ለዓመታት የተኮሱ ሰዎች ናቸው። የጀማሪ ጥይት ትከሻ አጥንት ላይ ያርፋል፤ ቀላል እርሳስ እዚያው ይበታተንና ቁስለኛው ጫካ ይገባል። ከካሊበሩ ይልቅ ለእርሳሱ ገንዘብ አውጡ፦ ሙሉ መዳብ ወይም ከመዳብ ሽፋኑ ጋር የተጣበቀ፣ ለ30-06 ደግሞ 180 ግሬን።

ጥይታችሁን በበጋ ግዙ። የአደኑ ወቅት ሲደርስ 180ው ከመደርደሪያ ይጠፋና ሻጩ 150ውን «ያው ነው» ብሎ ሊያስይዛችሁ ይሞክራል። ያው አይደለም፤ መነጽራችሁ የተስተካከለው ለ180ው ከሆነ 150ው ሌላ ቦታ ያርፋል።