ሁለቱ ጌጆች አብረው ሲዋሹ

ደህና ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክዳን) በከንቱ አስወርጃለሁ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳያስወርድ ነው።

መኪናዋ ከአባቴ የወረስኳት ሲሪስ 3 ላንድሮቨር ናት። ኮምቦልቻ እየሠራሁ ደሴ ስለማድር ሐረጎን በየቀኑ እወጣለሁ። አንድ ሰሞን የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ መርፌ ዳገቱ ላይ ወደ ኤች፣ ማለትም ሞቋል ወደሚለው ጫፍ፣ መጠጋት ጀመረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደሴ ስገባ ጭራሽ ኤች ላይ ይለጠፋል። ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎት የለም። ውሃው አይንተከተክም፣ አይጎድልም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

አልነቃሁም። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ሞተሩን ሳይነካ መርፌውን ብቻ አየና «ጓርኒሲዮን በልታለች፤ አብሽር፣ በሦስት ቀን ትወስዳታለህ» አለኝ፤ ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ ማለቱ ነው። 11 ቀን ፈጀ። ቴርሞስታት ተቀየረ፣ ራዲያተር ታጠበ፣ ቴስታታ ወረደ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ሲወጣ ደህና ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። «ከወረደ አይቀር እንቀይረው» አለ። እሺ አልኩ፤ የራሴ ጥፋት እሱ ነው። በማግስቱ ሐረጎን ስወጣ መርፌው እዚያው ኤች ላይ ተለጠፈ። ተመልሼ ብነግረው «እንግዲያ የውሃ ፓምፑ ነው» አለኝ፣ ፊቱ ላይ ቅንጣት እፍረት ሳይታይ።

ይበልጥ የምናደደው ግን በራሴ ነው። በዚያው ሰሞን ነዳጅ በረከት ያገኘልኝ መስሎኝ ነበር። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ግማሽ ሲሆን ጌጁ ከግማሽ በላይ ያሳያል። ካርቡሬተሯን ራሴ ስላስተካከልኩ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ጉራዬን ነፋሁ። የሙቀቱን መርፌ ክፉ ወሬ ስላመጣ አመንኩት፣ የነዳጁን ደግሞ ደስ ስላለኝ። አንድ ማታ ሐረጎ አጋማሽ ላይ፣ ጌጁ ገና ነዳጅ አለ እያለኝ፣ ቀጥ አለች። በጀሪካን ነዳጅ ይዤ በሲኖትራክ ስመለስ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ሆኗል።

ለአንድ የሰፈራችን አሮጌ ራዲዮ ጠጋኝ ታሪኩን ብነግራቸው «ሁለቱም ከፍ አድርገው ነው የሚዋሹ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ ጋሼ» ስላቸው «እንግዲያ ሞተሩን ተወው፤ የሚመግባቸውን ፈልግ» አሉኝ።

ከዳሽቦርዱ ጀርባ ስታብላይዘር የሚሏት ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን አለች። የባትሪውን 12 ቮልት እየቆረጠች እየቀጠለች፣ በአማካይ 10 ቮልት አድርጋ ለሁለቱም ጌጆች ታካፍላለች። ውስጧ ያለው ብረት ሲሞቅ ይቆርጣል፣ ሲበርድ ይቀጥላል። ለመሞቅ ግን ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመልሰውን የመኪናውን ብረት፣ ማግኘት አለባት፤ ማሳውን የምታገኘው ደግሞ በገዛ አካሏ፣ በታሰረችበት ብሎን በኩል ነው። የእኔዋ ብሎን ዝጎ ነበር። ማሳ ካጣች መቁረጧን ትተዋለች። 12ቱ ቮልት እንዳለ ያልፍና ሁለቱም መርፌዎች ከእውነቱ በላይ ይወጣሉ።

የባትሪውን ማሳ ነቅላችሁ ፓነሉን ፍቱ። ከዚያ ባትሪውን መልሳችሁ አንድ የ12 ቮልት አምፖል በስታብላይዘሩ መውጫና በማሳ መካከል አገናኙ። ቁልፍ ስትከፍቱ ጥቂት ቆይቶ ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። ሳያቋርጥ ከበራ ሌባው ተይዟል። ዲጂታል ቴስተር አልመክርም፤ ቁጥሩ እየዘለለ ያደናግራችኋል። የሰልባትዮውን ሽቦ ከማሳ ጋር አጣብቆ መርፌውን መሞከርም የተለመደ ነው፤ ስታብላይዘሯ መቁረጥ አቁማ ከሆነ ግን ጌጁን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ «በአዲስ ቀይሩ» ይላል። እኔ መጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀት እላለሁ። ብሎኑንና መቀመጫውን ፍቄ መልሼ ሳስር ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

የሙቀቱ መርፌ መሃል ላይ ተቀመጠ። የነዳጁም ወረደ፤ በዚያው ቀን ማደያ ሄጄ ተሰለፍኩ። ከማደያው ስመለስ ጋራዡ ጋ ቆሜ አሮጌውን ጓርኒሲዮኔን ጠየቅኳቸው። «ጥለነዋል» አሉኝ።