የ«የስ» አባላት ሠንጠረዥ፦ የአልበም ሽፋን አትመኑ

የእንግሊዙ ፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ «የስ» ማን መቼ ገባ፣ ማን መቼ ወጣ የሚለው ሠንጠረዥ ከ1968 እስከ 2015 ድረስ ሞልቷል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። 2015 ላይ የቆመው ቤዝ ጊታሪስቱ ክሪስ ስኳየር ያረፈው በዚያ ዓመት ስለሆነ ነው። እስከዚያ በባንዱ ስም ከወጡት የስቱዲዮ አልበሞች ከአንዱም ያልጠፋ እሱ ብቻ ነው።

መነሻው አያስቸግርም። በ1968 ለንደን ላይ ድምፃዊው ጆን አንደርሰንና ስኳየር ጀመሩት፤ ጊታር ፒተር ባንክስ፣ ኪቦርድ ቶኒ ኬይ፣ ድራም ቢል ብሩፈርድ። በ1970 በባንክስ ቦታ ስቲቭ ሃው፣ በ1971 በኬይ ቦታ ሪክ ዌክማን ገባ።

መከራው የሚጀምረው አንድ አልበም በአንድ መስመር ሲጻፍ ነው፤ የመጀመሪያው ሠንጠረዥም የተበላሸው በዚህ ነው። በ1970ው «ታይም ኤንድ ኤ ወርድ» ላይ ጊታሩን የሚመታው ባንክስ ሆኖ ሳለ፣ በአሜሪካው እትም ሽፋን ላይ የቆመው ሃው ነው። ሽፋን የሚነግራችሁ አልበሙ ገበያ ሲወጣ ባንዱ ውስጥ ማን እንደነበረ ነው፤ ማን እንደተጫወተ አይደለም። ስለዚህ «ዓመት» የሚለውን ዓምድ ሰርዛችሁ ሁለት አድርጉት፦ የተቀዳበትና የወጣበት። «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» በመስከረም 1972 ሲወጣ ድራሙን የቀዳው ብሩፈርድ ኪንግ ክሪምሰን ወደሚባለው ባንድ ሄዶ፣ አለን ዋይት ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ መድረክ ላይ ነበር። በ1973 የወጣው ባለ ሦስት ሸክላ የመድረክ ቅጂ «የስሶንግስ» ደግሞ ይብሳል፤ አብዛኛው ዋይት ነው፣ ጥቂቱ ግን ብሩፈርድ። አንዱ መስመር ለአንድ ዘፈን መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በቀስት የሚሳለው የባንዶች «የዘር ሐረግ» ለግድግዳ ያምራል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይረባም።

ትልቁ ፈተና የ1991ዱ «ዩኒየን» ነው። የሁለት ቡድኖች (የባንዱና የቀድሞ አባላቱ ለብቻቸው ያቋቋሙት) ቅጂ ተሰፍቶ ስምንት ሰው እንደ አባል ተጻፈ፤ ስምንቱ ግን በአንድ ዘፈን ላይ አብረው አይጫወቱም። የሃውና የዌክማን ድርሻም በብዙ ቦታ ተነሥቶ፣ ጊታሪስቱን ጂሚ ሃውንን በመሳሰሉ ቅጥር ሙዚቀኞች ተተክቷል። ዌክማን አልበሙን «ኦንየን» ይለዋል፤ ሽንኩርት ማለት ነው፣ ስለሚያስለቅሰው። እዚህ ላይ «አባል» እና «የተጫወተ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ካልከፈታችሁ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

የ1983ቱ «90125» ኪቦርድ አሁንም በግማሽ ምልክት (ያልለየለት ተብሎ) ነው ያለው፦ አባል ተብሎ የተጻፈው ኬይ ነው፣ ብዙውን የተጫወተው ግን ጊታሪስቱ ትሬቨር ራቢን።

ከ2015 ወዲህ ያለው ገና አልተሞላም፤ ግን ከወዲሁ አንድ ወጥመድ አለው። የ2011ዱ «ፍላይ ፍሮም ሂር» በ2018 በትሬቨር ሆርን ድምፅ እንደገና ወጣ፤ በመጀመሪያው እትም የዘፈነው የቤንዋ ዴቪድ ድምፅ ተነሥቶ ሙዚቃው ግን በአብዛኛው ያው የድሮው ነው። «የወጣበት» የሚለውን ዓምድ ብቻ ላየ ሰው፣ ስኳየር ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ቤዝ ሲመታ ያገኘዋል።