«ለምን ፈለግሽው?» ያላለኝ መሥሪያ ቤት

ስድስት ልጆች፣ አንድ ገመድ። ገመዱ ላይ ስድስት ባለቀለም ቀለበቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ይይዛል። ቀዩን ለመያዝ በየቀኑ ጠብ አለ። ጠቡ ሲበርድ ከቤት ወጥተን ፓርክ እንሄዳለን። ዝናብ አያስቀረንም፤ ሲያትል አካባቢ ዝናብ ካስቀረህ ዓመቱን ሙሉ ቤት ነህ።

ቤቴ ውስጥ ዴይኬር ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ከሲያትል ወደ ደቡብ ወረድ ብላ ባለች ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ነገ ተነገ ወዲያ ከከተማው አስተዳደር ሰዎች ጋር ገና ሥራ አለኝ።

ፓርክ ለመድረስ የምናቋርጠው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ግን ምን ዓይነት መንገድ! ሰሌዳው በሰዓት 25 ማይል ይላል። ሰሌዳውን የሚያከብረው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ብቻ ነው። ዜብራ የለውም። እጄን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቼ መሀል መንገድ እቆማለሁ፣ ልጆቹ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» እያሉ ያልፋሉ። አንድ ቀን አንድ ፒክአፕ ፍሬኑን ይዞ፣ ጎማው ጮኾ፣ ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ቆመ። ባለቀዩ ቀለበት ልጅ ሱሪው ላይ ሸና። የዚያን ቀን ፓርክ ሳንደርስ ተመለስን።

ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አንድ ጊዜ ኢሜይል ጻፍኩ። ከዚያ የከተማው ሰዎች ነዋሪውን ሰብስበው ሲያወያዩ ሄጄ እጄን አወጣሁ። አንድ ኃላፊ በጣም በትሕትና፣ «ማም፣ በዚያ ማዕዘን ላይ የደረሰን አቤቱታ የለም» አለኝ። የለም! እኔ ራሴ የጻፍኩትስ? አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እንግሊዝኛዬ ሲናደድ ይጠፋብኛል።

በማግስቱ የአንዷ ልጅ እናት ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ነገርኳት። የሕግ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጫማ እያሰረችላት፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ «ሪከርድ ጠይቂያቸዋ» አለችኝ።

ማታ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የከተማው ድረ ገጽ ላይ ያለው የሰነድ መጠየቂያ ፎርም አጭር ነው። ስም፣ አድራሻ፣ የምትፈልጊው ሰነድ። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ለምን ፈለግሽው?» የሚል ሳጥን ነበር የምፈልገው። የለም።

ይህን ለመረዳት አባቴን ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ ጡረታ ሲወጣ የአገልግሎት ዘመኑ በአራት ዓመት አንሶ ተቆጠረ። ፋይሉን ለማየት አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ድረስ ይዞኝ ሄደ። ሴትየዋ ሹራብ ትሠራ ነበር። ሳታቆም፣ «ለምን ፈለጉት?» አለችው። የራሱን ፋይል! አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ማስረዳት ጀመረ። ደብዳቤ አምጣ ተባለ። ደብዳቤ አመጣ። ፊርማው የምክትሉ ነው፣ የዋናው ይሁን ተባለ። ዋናው ስብሰባ ላይ ነው። በመጨረሻ ፋይሉ አልተገኘም። አባቴ ከዚያ ወዲያ ወረቀት የሚባል ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ኮፒ እያደረገ፣ አልጋው ሥር በሻንጣ ማስቀመጥ ጀመረ። ሲሞት ሻንጣውን እኔ ነኝ የከፈትኩት። የውሃ ክፍያ ደረሰኝ ሁሉ አለ።

እና እኔ የዚህ ሰው ልጅ ነኝ። ምክንያቴን ሳልናገር ወረቀት ስጡኝ ማለት ስርቆት መሰለኝ።

ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት ግን ሕጉ እንዲህ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰነድ የሚጠይቅ ሰው በመሠረቱ ለምን እንደፈለገው አይጠየቅም። የሰዎች ስም ዝርዝር የጠየቀ እንደሆነ ለንግድ አለመሆኑን ያጣራሉ፣ ሌሎች ጥቂት ነገሮችም አሉ እንጂ፣ ተራ ጠያቂ «ፈልጌ ነው» ማለት እንኳ አይጠበቅበትም። ዜግነትም አይጠየቅም። እነሱ ደግሞ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። መልሱ የግድ ሰነዱ አይደለም። ወይ ይሰጡሻል፣ ወይ ድረ ገጽ ላይ የት እንዳለ ይጠቁሙሻል፣ ወይ «አልገባንም፣ አብራሪልን» ይላሉ፣ ወይ የሚያደርሱበትን ቀን ገምተው ይነግሩሻል፣ ወይ አንቀጹን ጠቅሰው ይከለክሉሻል። ያልተፈቀደላቸው ዝም ማለት ብቻ ነው።

ሕጉን ያወጡት እንደራሴዎቹ አለመሆናቸው ነው የገረመኝ። በ1972 ሰዎች ፊርማ አሰባስበው፣ ኢኒሺየቲቭ 276 ብለው፣ በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። ከመቶ 72 የሚሆነው መራጭ ደገፈው። ከቀሰቀሱት መካከል ጆሊን አንሶልድ የምትባል ሴት ነበረች፤ ያኔ ምንም ሥልጣን የላትም፣ ኋላ ላይ ነው ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጠችው። ዛሬ ሕጉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። በእኛ አፍ ሲመለስ፣ ሕዝቡ ለአገልጋዮቹ ሥልጣን ሲሰጥ «ሕዝቡ ማወቅ የሚገባውንና የማይገባውን እናንተ ወስኑ» አላለም፣ የሚል ነው። አትሜ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። ከልጆቹ ሥዕል ጎን።

የቅዳሜ ቡና ላይ ለጓደኞቼ ሳወራ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ስምሽን ይመዘግቡታል» አለች አንዷ። ሌላዋ፣ «ላይሰንስሽን ቢነጥቁሽስ? አርፈሽ አትቀመጪም?» እማዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ በቫይበር፣ «እዚያ ቢሮ የምታውቂው ሰው አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። «እና እንዴት ይሰጡሻል?»

አትፍረዱባቸው። እኔም እጄ ተንቀጥቅጦ ነው «ላክ» የሚለውን የተጫንኩት።

የጠየቅኩት ይህን ነው፦ ከ2015 ጀምሮ በዚያ ማዕዘን ላይ የመጡ አቤቱታዎች፣ ኢሜይሎች፣ የአደጋ ሪፖርቶች፣ የፍጥነት ጥናቶች። የሕግ ቢሮዋ እናት «ስለ መንገዱ ያለውን ሁሉ ብለሽ አትጠይቂ፣ ባሕር ውስጥ ትገቢያለሽ» ስላለችኝ ነው እንዲህ የቆራረጥኩት። ጥሩ ምክር ነበር።

በአራተኛው ቀን ኢሜይል መጣ። ቁጥር ያለው። ስድስት ሳምንት ይወስዳል ይላል። ስድስት ሳምንት ብለው በስምንተኛው የመጀመሪያውን ክፍል ላኩ። 143 ገጽ፣ አሥራ አንድ ፋይል። ሕጉ በኢሜይል ለሚላክ አራት ፋይል አምስት ሳንቲም ማስከፈል ይፈቅድላቸዋል፤ ስደምረው ዕዳዬ 15 ሳንቲም ሆነ። ተዉልኝ።

ልጆቹ ሲተኙ፣ የቀን እንቅልፍ ሰዓት ላይ ነው ያነበብኩት። የመጀመሪያው ገጽ የአንድ ሰው ደብዳቤ ነው። ውሻው ተገጭቶበት፣ በ2017 የጻፈው። ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ከእናቷ ዊልቸር ጋር ማቋረጥ እንዳልቻለች። ቀጥሎ እኔ። ቀጥሎ ውሻው የሞተበት ሰው እንደገና። አንዳንዱ ቦታ ጥቁር መስመር ተሰምሮ ስልክና ስም ተሸፍኗል፤ ጥቁሩ ጎን የትኛው አንቀጽ እንደፈቀደ ተጽፏል። ቆጠርኩ። «አቤቱታ የለም» የተባለበት ማዕዘን ከአራት ሰዎች ሰባት አቤቱታ ነበረው።

ያንን ትሑት ኃላፊ ውሸታም ብዬ ልፈርድበት ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ወረቀቱ ሌላ ነገር አሳየኝ። ሰባቱም አቤቱታዎች የገቡት ጉድጓድና የመንገድ መብራት የሚጠግነው ክፍል ጋ ነው። እዚያ «የእኛ ሥራ አይደለም» ተብሎ ተዘግቷል። ትራፊክ ክፍሉ ጋ አንድም አልደረሰም። ሰውየው እውነቱን ነው። የእሱ ሳጥን ባዶ ነበር።

ገጽ 88 ላይ የሁለት ሠራተኞች ኢሜይል አለ። «የገመዷ ሴትዮ አሁን ደግሞ ጻፈች» ይላል። የገመዷ ሴትዮ! ሳቅኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ መልሼ ሳቅኩ፣ አንዱ ልጅ ነቃብኝ።

የሚያስደነግጠው መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። በ2019 የተሠራ የፍጥነት ጥናት። አንድ መስመር፦ «85ኛ ፐርሰንታይል፣ 37 ማይል»። ጎግል አደረግኩ። ከመቶ መኪና 85ቱ በ37 ማይል ወይም ከዚያ በታች ይሄዳል፣ የቀሩት 15ቱ ከዚያ በላይ ይበርራሉ ማለት ነው። 25 በሚል መንገድ። ጥናቱን ሠርተው፣ ፒዲኤፍ አድርገው፣ ፎልደር ውስጥ አስቀምጠውታል። ማንም ስላልጠየቀ ማንም አላየውም።

እውነቱን ለመናገር እኔ ዕድለኛ ነኝ። ሁሉም ሰው በስምንት ሳምንት አያገኝም። አርመን ዩሱፊያን የሚባል ሰው አለ። ስሙን ሳነብ የፒያሳ አርመኖች ትዝ አሉኝ። በ1997 እዚህ የፉትቦል ስታዲየም በሕዝብ ገንዘብ ይሠራ አይሠራ ተብሎ ሕዝብ ድምፅ ሊሰጥ ነው። ሰውየው ከድምፁ በፊት የሲያትል አካባቢ አስተዳደር የሆነውን ኪንግ ካውንቲን ስለ ስታዲየሙ የተሠሩትን ጥናቶች ስጡኝ አለ። ድምፁ ተሰጠ፣ አለፈ፤ ሰነዱ ግን ተንጠባጥቦ ዓመታት ፈጀ። ፍርድ ቤት ሄደ። በ2010 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአንድ ቀን 45 ዶላር ብሎ፣ 8,252 ቀን ቆጥሮ፣ 371,340 ዶላር ፈረደለት። ቀኑ እንዲህ የበዛው ሰነዶቹ በቡድን ተከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን ለብቻው ስለተቆጠረ ነው። ሕጉ በቀን እስከ 100 ዶላር መቅጣት ያስችላል። ሰዎቹ በአራተኛው ቀን ለእኔ ለምን እንደመለሱልኝ ገባኝ።

በ2015 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት፣ ባለሥልጣን በግል ስልኩ የላከው የሥራ ቴክስትም የሕዝብ ሰነድ ነው አለ። በ2018 እንደራሴዎቹ ራሳቸውን ከሕጉ ነፃ የሚያወጣ ረቂቅ አመጡ። ክርክር የለ ምን የለ፣ በሁለት ቀን ውስጥ በሁለቱም ምክር ቤት አሳለፉት። ጋዜጦች የተቃውሞ ርዕሰ አንቀጻቸውን ፊት ገጽ ላይ አወጡ፣ የስልክና የኢሜይል ውርጅብኝ ወረደ፣ የያኔው የግዛቱ ገዥ ጄይ ኢንዝሊ ውድቅ አደረገው። በዓመቱ ፍርድ ቤቱም እያንዳንዱ እንደራሴ በሕጉ ሥር ነው አለ። ስለዚህ እዚህም ሁሉም በደስታ ይሰጣል እንዳይመስላችሁ። ጠያቂውም ሁልጊዜ ጻድቅ አይደለም። ሮቦት ፕሮግራም አድርጎ ቢሮ የሚያጨናንቅ ስላለ፣ በ2017 ሕጉ ለእሱም መከልከያ ጨመረ።

«የእኛ አገርስ?» አለችኝ እማዬ፣ ሁሉን ስነግራት። አለን እኮ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 አለ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። የተከለከለ ሰው የሚሄድበት የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አባቴ መዝገብ ቤት ባርኔጣውን ሲያወልቅ አዋጁ ገና አልወጣም ነበር። እማዬ ዝም ብላ ቆይታ፣ «እስቲ ቁጥሩን ድገሚልኝ» አለች። የምትጽፍበት እስክሪብቶ ስትፈልግ ይሰማኛል። የግቢው ቦይ ጉዳይ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቁጥሩን ቀስ ብዬ ደገምኩላት።

ወደ ማዕዘኑ ልመለስ። ገጽ 88ን ትቼ፣ ሰባቱን አቤቱታና የ2019ን ጥናት አትሜ በሚቀጥለው ስብሰባ ለዚያው ኃላፊ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ። ጆሮው ቀላ። «ይህ እኔ ጋ አልደረሰም» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። እንግሊዝኛዬ ያን ቀን አልጠፋብኝም።

ዜብራው እስካሁን አልተቀባም። ባለፈው ሰኞ ግን ሁለት ሰዎች መጥተው አስፋልቱ ላይ ሁለት ቀጫጭን ጥቁር የጎማ ቱቦ አጋድመው፣ ጫፉን ከአንድ ሳጥን ጋር አስረው ከስልክ እንጨቱ ጋር ቆለፉት። መኪና መቁጠሪያ ነው፣ ፍጥነትም ይለካል። አንድ ሳምንት ይቆያል አሉኝ። መኪና ሲያልፍበት «ጠክ ጠክ» ይላል። ልጆቹ ፓርክ እንሂድ ማለት ትተዋል። ገመዳቸውን እንደያዙ አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው በየተራ ይቆጥራሉ፤ ከሃያ በላይ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ስለሆነ ሃያ ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። እኔ የሳጥኑን ቁጥር ስልኬ ላይ ጽፌ ይዣለሁ። ሳምንቱ ዓርብ ያልቃል፤ ፎርሙን ዛሬ ማታ እሞላለሁ።