አብሽ ምግብ ነው ወይ? የጤና ትምህርት ጆርናል ስናዘጋጅ የተማርኩት

የዩኒቨርሲቲያችንን የጤና ትምህርት ጆርናል በአዘጋጅነት የተረከብኩት ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ሥራው ቀላል ይመስለኝ ነበር። ጽሑፍ ይመጣል፣ ለሁለት ገምጋሚ ይላካል፣ ታርሞ ይወጣል። ዛሬ ሥራህ ምንድን ነው ብትሉኝ ግን ስልክ መደወል ነው እላችኋለሁ።

አንድ ጽሑፍ እስኪወጣ በስንት እጅ እንደሚያልፍ አንባቢ አያይም። ረዳታችን ጽሑፉ መሟላቱን ታያለች። ከዚያ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መኖሩን እናረጋግጣለን። የዘርፉ አዘጋጅ ያነበዋል፣ ሁለት ገምጋሚዎች ይመረምሩታል፣ ቁጥሩን የሚያይ የስታቲስቲክስ ሰው አለ፣ ቋንቋ የሚያርም አለ፣ መጨረሻ ላይ ሌይአውት የሚሠራው ልጅ ሠንጠረዥ ሲያስተካክል ያመሻል። ከዚህ ሁሉ ሰው ክፍያ የሚያገኙት ረዳታችንና የሌይአውቱ ልጅ ብቻ ናቸው። ሌላው ከማስተማሩና ከሕክምናው ጊዜ ቀንሶ ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ገምጋሚ ማግኘት ነበር። ለአንድ ጽሑፍ ለዘጠኝ ሰው ኢሜይል ልኬ አንድ ሰው ብቻ መለሰልኝ። እሱም «አልመችም» አለ። ጡረታ ለወጡ አንድ ፕሮፌሰር ጭንቀቴን ሳዋያቸው፣ «ልጄ፣ ሰው በኢሜይል አይለመንም። ደውል» አሉኝ። ደወልኩ። ሰዎቹ እምቢተኛ አልነበሩም። ኢሜይላቸው ሞልቶ አላዩትም፣ ወይም «ሙሉውን ገምግሙ» የሚለው ከብዷቸዋል። «የናሙና አወሳሰዱን ብቻ እዩልኝ» ስላቸው አብዛኞቹ እሺ አሉ። አንዱን ክፍል ለማየት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ሙሉውን ጨርሶ ነው የሚልከው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር የባሰ ነበር። ይሉኝታ ነው።

የጸሐፊውንም የገምጋሚውንም ስም ደብቀን ነው የምንልከው። ግን ዘርፉ ጠባብ ነው። ገምጋሚው ጥናቱ የተሠራበትን ወረዳ እንዳየ የማን ተማሪ እንደሠራው ይገምታል። ከጽሑፉ ጀርባ የደረጃ ዕድገት የሚጠብቅ መምህር እንዳለም ያውቃል። ስለዚህ «ጥሩ ሥራ ነው፣ ጥቂት የፊደል ግድፈት ይታረም» የሚል ሁለት መስመር ይልክልኛል። የሰው እንጀራ ላለመዝጋት ብሎ ነው። ክፋት የለውም። ነገር ግን የጤና ትምህርት ጥናት ስህተቱን ይዞ ሲወጣ ስህተቱ ቀበሌ ድረስ ይወርዳል።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። «አስተያየት ስጡ» ማለት ትተን ጥያቄ መጠየቅ ጀመርን። ትምህርቱን የሰጠው ማን ነው? ስንት ጊዜ ተሰጠ? በምን ቋንቋ? መጠይቁን በአማርኛ ወይም በተጠየቀበት ቋንቋ አይተውታል? ሰው የሌላውን ሥራ መንቀፍ ይከብደዋል እንጂ ለቀረበለት ጥያቄ እውነቱን መመለስ አይከብደውም። ሁለት መስመር የነበረው ሪቪው ሁለት ገጽ ሆነ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን በጡት ማጥባት ላይ የመጣ አንድ ጽሑፍ ነው። እናቶች ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲያጠቡ ትምህርት ተሰጥቷቸው፣ ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ተጠይቀዋል። ውጤቱ ያማረ ነበር። ሁለቱም ገምጋሚዎች አሳልፈውታል። የቀረን የአማርኛው ማጠቃለያ ብቻ ነበር።

ይህን ማጠቃለያ የጀመርነው እኛው ተነጋግረን ነው። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ጤና ልማት ጆርናል ደግሞ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይወጣሉ። ከእነሱ ብዙ ተምረናል፤ እኛም በእንግሊዝኛ ነው የምናሳትመው። ግን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስተምሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ስለ ሥራቸው የተጻፈው ለእነሱ ካልደረሰ ለማን ነው የምንጽፈው? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ እናዘጋጃለን። ከመውጣቱ በፊትም ጥቂት ባለሙያዎች ያነቡታል።

የዚያን ቀን በአንድ ጤና ጣቢያ አራት ሆነው ተቀምጠው አነበቡት። ቡና እየተቀዳ ነው። አንዷ ወረቀቱን አስቀመጠችና፣

«መምህር፣ እናቶቹ የተጠየቁት ምን ተብለው ነው?» አለችኝ።

መጠይቁን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «‹ከጡት ሌላ ምግብ ሰጥተሻል ወይ?› ነው የሚለው።»

«እንግዲያማ ሁሉም ‹አልሰጠሁም› ነው የሚሉት።»

«ለምን?»

«አብሽ ምግብ ነው እንዴ? ውሃስ? እናት አብሽ የምታጠጣው ሆዱን እንዳያመው ብላ ነው። ቅቤም የምታስውጠው አንጀቱ እንዲለሰልስ ነው። ‹ምግብ ሰጠሁ› አትልም። አልዋሸችም እኮ።»

ሌሎቹ ሦስቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሲኒውን ይዤ ቀረሁ።

በዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም ጡት ብቻ ማለት ውሃ እንኳን አለመስጠት ነው። የሚፈቀደው ለተቅማጥ የሚሰጥ ኦአርኤስ፣ የቫይታሚንና የማዕድን ጠብታ፣ መድኃኒትም ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይህንን ትርጉም በትክክል ጠቅሷል። የአማርኛው መጠይቅ ግን ሌላ ነገር ነበር የለካው። ጸሐፊዎቹም፣ ገምጋሚዎቹም፣ እኔም እንግሊዝኛውን ብቻ አንብበን አለፍነው። ሁላችንም አብሽ ሲጠጣ እያየን ያደግን ሰዎች ነን።

ለጸሐፊዎቹ ደወልኩ። ዋናው ጸሐፊ መጀመሪያ ተቆጣ። «ገምጋሚ አሳልፎታል፣ አሁን ምን መጣ?» አለኝ። እውነት አለው። የተባለውን በሙሉ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «እናቴም ሰጥታኝ ነበር» አለ። ከቡድኑ ጋር ተመልሰው የተወሰኑ እናቶችን እንደገና ጠየቁ፤ «ከትናንት ጀምሮ ሕፃኑ አፍ ውስጥ ምን ምን ገባ?» ብለው ውሃውን፣ አብሹን፣ ቅቤውን አንድ በአንድ እየጠሩ። ውጤቱ እንደ መጀመሪያው አላማረም። ጽሑፉ አምስት ወር ዘግይቶ ወጣ። ካወጣናቸው ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መጠይቁ በተጠየቀበት ቋንቋ ካልተያያዘ ጽሑፍ አንቀበልም።

ሌላ ትምህርት በሰው ኪሳራ ነው ያገኘሁት። አንድ ጽሑፍ አሥራ አንድ ወር ይዘን ሪጀክት አደረግነው። ጸሐፊው ወጣት መምህር ነው። ቢሮዬ መጣና፣ «በሁለተኛው ሳምንት ብትነግሩኝ ሌላ ጋ እልከው ነበር» አለኝ። የደረጃ ዕድገቱ አልፎታል። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ጊዜውን ግን ልመልስለት አልቻልኩም። አሁን የማይሆን ጽሑፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከነምክንያቱ ይመለሳል።

የስም ነገርም አለ። የውጭ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል። አንዱ ጽሑፉ ላይ በአባቱ፣ ሌላው ላይ በአያቱ ስም የሚመዘገብ ሰው ሥራው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ኦርኪድ የሚባለውን መለያ ቁጥር ከሁሉም ጸሐፊ የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከገምጋሚዎቻችን ዝርዝር እንድትገባ ሐሳብ ሳቀርብ ስብሰባው ተሟሟቀ። «ዲግሪ የላትም» ያሉ ነበሩ። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አውጥተው፣ «ዲግሪ ያለን ሰዎች አብሹን አላየነውም» አሉ። ክርክሩ እዚያው አለቀ። በዓመቱ መጨረሻ በምናወጣው የምስጋና ገጽ ላይ ስሟ ከዶክተሮቹ ጋር በፊደል ተራዋ ታተመ።

ባለፈው ሳምንት ስለ እጅ መታጠብ የመጣ መጠይቅ ልኬላት ነበር። ማታ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። «መምህር፣ ‹ከሽንት ቤት በኋላ እጅሽን ትታጠቢያለሽ?› ብለው አይጠይቁ። ማን ‹አልታጠብም› ይላል? ሽንት ቤቱ አጠገብ ውሃና ሳሙና መኖሩን ይዩ። ሳሙናውንም ይንኩት፣ ደረቅ ከሆነ ለእናንተ የወጣ ነው።»

ቃል በቃል ጽፌ ለጸሐፊዎቹ ላክሁት።