ኮፓዋን የሚጠብቅ ጋሻ

ደሴ ውስጥ ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና መንዳት ዕብደት ነው የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። መኪናን ዝቅ ማድረግ ምንም አይደለም፤ ሆዷን ሳይሸፍኑ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ነው ዕብደቱ።

የእኔዋ ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የተሠራው የመጨረሻው ሞዴል፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤቷ የፋብሪካውን ሞላ አውጥቶ አጫጭር ሞላ አስገብቶላት ነበር። ስገዛትም ወደ ነበረው እንዲመለስ አልፈለግሁም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል፤ አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። ለመሬት የቀረበች መኪና እዚያ ላይ ወዲያና ወዲህ አትዘምም፤ መሪውን ሲያዞሩት አብራ ትዞራለች። ይህን ደስታ በምንም አልለውጠውም።

ዋጋው ግን ከታች ይከፈላል። የሴሊካዬ ኮፓ፣ ማለትም ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ገንዳ፣ ከአስፋልቱ ያለው ርቀት ግማሽ ስንዝር ቢሆን ነው። ከታች የሚመታ ነገር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የገጠር መንገድ ድንጋይ ነው። እኔን የሚያሳስቡኝ ሌሎች ናቸው፦ ከተማ ውስጥ ያለ ምልክት የሚያጋጥም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ከስሩ አፈሩ ታጥቦ ብቻውን የቆመ ኮብልስቶን፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ከገደሉ አንከባሎ ኩርባ ላይ የሚተወው ድንጋይ። ከሁሉም ተንኮለኛው ደግሞ ኮምቦልቻ አካባቢ ያለው የአስፋልት ጀርባ ነው። ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጡት ከባድ ተሳቢዎች ሙቀት ያለሰለሰውን አስፋልት በጎማቸው እየረገጡ ሁለት ቦይ ያወጡበታል፤ መሐሉ እንደ ጀርባ ቀና ብሎ ይቀራል። ጎማ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ኮፓው ጀርባው ላይ ያርፋል።

ኮፓ ሲመታ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዘይት ይፈስስ እንደሆነ ነው። ካልፈሰሰ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሞተር የሚሞተው። ቀልጦ ከፈሰሰ አልሙኒየም የተሠራ ኮፓ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ እንደ እኔዋ ከላሜራ የተሠራው ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የዘይት ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት ያለው ከኮፓው ወለል ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ወለሉ ወደ ላይ ከተሰረጎደ ወንፊቱን ይደፍነዋል። አንድ ጠብታ መሬት ላይ ሳይታይ ሞተሩ ዘይት ይጠማል፤ ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራም ግፊቱ ቀድሞ ወርዷል። በዚያን ጊዜ ዳር ይዞ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው እንጂ «እስከ ጋራዥ ታድርሰኝ» አይባልም።

ከፋብሪካው የሚመጣው የፕላስቲክ ሽፋን ውኃና ጭቃን ይከላከላል፤ ድንጋይ አይመልስም። ስለዚህ ኮፓውን ከስር የሚሸፍን ጋሻ ማሠራት ነበረብኝ። መካኒኬ ዕድሜውን ሙሉ አይሱዙና ፒክአፕ ሲጠግን የኖረ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው።

«አብሽር ልጄ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ላሜራ ይበቃታል» አለኝ።

«ጋሼ፣ ለፒክአፕ ይበቃል» አልኩት። «ለእሷ ግን አይበቃም።»

ክርክራችን ረዘም ያለ ነበር፤ ነጥቡ ግን አንድ ነው። ፒክአፕ ከመሬት የራቀ ስለሆነ በጋሻውና በኮፓው መካከል አምስት ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ መተው ይቻላል። ስስ ላሜራ ሲመታ ቢጎብጥም ኮፓው ጋ አይደርስም። ዝቅ ባለች መኪና ላይ ግን ጋሻው ራሱ ከመሬት ያለንን ርቀት ይበላል። ብዙ ክፍተት ከተውን ጋሻው አስፋልት ሲልስ ይውላል፤ ትንሽ ከተውን ደግሞ የሚጎብጥ ላሜራ ኮፓውን ራሱ ይመታዋል። መውጫው አንድ ነው፤ የማይጎብጥ ጋሻ።

የአንድ ሰሌዳ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ብረት ከአልሙኒየም በሦስት እጥፍ ገደማ ይገትራል፤ በሦስት እጥፍ ገደማም ይከብዳል። የእኔ ጋሻ 80 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለት ሚሊ ሜትር ብረት ቢሠራ ሰባት ኪሎ ተኩል ይመዝናል። በአምስት ሚሊ ሜትር አልሙኒየም ስድስት ኪሎ ተኩል ብቻ ሆኖ ግትርነቱ ከብረቱ አምስት እጥፍ ይሆናል። ጋሼ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ካየው በኋላ መሰርሰሪያውን ራሱ አነሳ።

አልሙኒየም የራሱ ድክመት አለው። ለስላሳ ስለሆነ ብረት የሚንሸራተትበትን ድንጋይ እሱ ይነክሰዋል። ለዚህ ነው የፊተኛው ጠርዝ ወደ ላይ በደንብ መታጠፍ ያለበት፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ከቀረ ጉብታውን እንደ ማረሻ ይይዘዋል። የብሎኖቹም ራስ ሰሌዳው ውስጥ መስመጥ አለበት፤ ወጣ ያለ ራስ በመጀመሪያው ፍትጊያ ይላጫል። ጋሻው የሚታሰረው ደግሞ የፊት እግሮችን ከተሸከመው ወፍራም ብረት ላይ ነው። ኮፓው ላይ ወይም ካምቢዮው ላይ የሚያስሩ አይቻለሁ፤ ያ ማለት ምቱን ሊጠብቁት ለፈለጉት አካል በቀጥታ ማድረስ ነው። ከኮፓው ጋር የተውነው ክፍተት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ከዚያ በታች አይሆንም፤ ሞተሩ በጎማ መቀመጫዎቹ ላይ ስለሚወዛወዝ ይነካካል።

ሙቀቱንም መርሳት አይገባም። በራዲያተሩ ያለፈው ትኩስ አየር የሚወጣው በአብዛኛው ከሞተሩ ስር ነው። ታች ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከፍ ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚከፈቱ ስንጥቆች አወጣንለት፤ ፊታቸው ወደ ኋላ ስለሆነ አየር ያስወጣሉ እንጂ ድንጋይ አይቀበሉም። ለዘይት ማፍሰሻው ብሎንም ቀዳዳ ተውንለት፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ጋሻ ማውረድ ያለበት ሰው አንድ ቀን ሳይመልሰው ይቀራል።

አሁን መኪናዋን በክሪክ ባነሳኋት ቁጥር ጭረቱን አነባለሁ። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት ረጃጅም መስመሮች የአስፋልቱ ጀርባ ናቸው። ከፊተኛው እጥፋት አጠገብ ያለችው አጭርና ጥልቅ ጠባሳ የሐረጎ ድንጋይ ናት፤ አውራ ጣቴ ይገባባታል። ከላይዋ ያለው ኮፓ ላይ ቀለሙ እንኳ አልተነካም። ክረምት ሲያልፍ ውስጡ የተጋገረውን ጭቃ፣ በመኸር ደግሞ ገለባውን አወጣለሁ። ደረቅ ገለባ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ጋር ሲገናኝ እሳት ይነሣል፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

ጋሻ ቢኖርም ጉብታ ላይ ፍሬን ይዞ መውጣት አይገባም። ፍሬን ሲያዝ የመኪና አፍንጫ ይደፋል፤ ያለንን ጥቂት ርቀት ያጠፋዋል። ከጉብታው በፊት ማቀዝቀዝ፣ ጎማው ሊነካው ሲል ፍሬኑን መልቀቅ፣ ቦታ ካለ ደግሞ ሰያፍ አድርጎ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ማሻገር ነው።

የጋሻውን ልክ ያወጣንበት ካርቶን አልተጣለም። ቀዳዳዎቹም የብሎኖቹ መጠንም ተጽፈውበታል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይህችኑ ሞዴል ሴሊካ የሚነዳ ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ ካርቶኑን አውሰዋለሁ።