የእናቴ ሳጥን ድራይቭ ላይ

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ከደሴ ስንወጣ እናቴ የያዘችው አንድ ፌስታል ነበር። ልብስ የለበትም። የቤታችን ካርታ፣ የሟቹ አባቴ የጡረታ ደብተር፣ የኒካህ ወረቀታቸውና የእኛ የልጆቿ የትምህርት ማስረጃ ነው። በኮምቦልቻ አድርገን አዲስ አበባ እስክንገባ ከጭኗ ላይ አላወረደችውም።

ከተማው ተረጋግቶ ስንመለስ ፌስታሉ ደህና ነበር። ቤት ትቼው የሄድኩት ላፕቶፕ ግን የለም። የስድስት ዓመት ፎቶ፣ ጅዳ የምትሠራው እህቴ የላከችልኝ የውል ቅጂ፣ ሁሉም አብሮት ሄደ። እናቴ የያዘችው ተረፈ፣ እኔ የያዝኩት ጠፋ። ይሄ ነገር ለብዙ ቀን ከነከነኝ።

ወረቀቶቹን ኢንተርኔት ላይ ለማስቀመጥ የወሰንኩት ያኔ ነው። የመረጥኩት ጉግል ድራይቭን ነው። እኔም እህቴም አንድሮይድ ስልክና ጂሜይል ስላለን ሌላ ነገር መማር አላስፈለገንም። በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል። ይህ 15 ግን የድራይቭ ብቻ አይደለም፤ ጂሜይሉም ጉግል ፎቶውም የሚካፈሉት ነው። ስልክህ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እየጫነ ከሞላው ለወረቀት ቦታ አይኖርም፣ ኢሜይልም መቀበል ያቆማል። ስለዚህ ለወረቀቶቹ ብቻ የሚሆን አዲስ አካውንት ከፈትኩ። ከሠራሁት ሁሉ እስካሁን በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ስካን ያደረግነው ቤት ውስጥ፣ በስልክ ነው። የድራይቭ መተግበሪያ ላይ የመደመር ምልክቱን ስትነካ ስካን የሚል ይመጣል፤ ፒዲኤፍ አድርጎ ያስቀምጥልሃል። መጀመሪያ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ሞከርኩ። ስልኩ የወረቀቱን ጠርዝ ከጨርቁ መለየት አቃተው። እናቴ ጥቁር ሻሏን አውጥታ መስኮቱ ሥር አነጠፈችልኝ፣ ወዲያው ተስተካከለ። ካርታው ለዓመታት ለአራት ታጥፎ ስለኖረ አንዱ እጥፋት ልክ ማህተሙ ላይ ነበር። በመዳፏ ቀስ እያለች ስትዳምጠው ቆየችና፣

«አንተ ልጅ፣ አሁን ይሄ የት ነው የሚገባው?» አለችኝ።

ኢንተርኔት ላይ እንደሚቀመጥ፣ ስልኬ ቢጠፋም እንደማይጠፋ ነገርኳት።

«ማነው ታዲያ የሚጠብቀው?»

ያን ቀን የይለፍ ቃል አለው ብዬ አለፍኩት። መልሱ ያ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ዓመት ቆይቶ ነው።

ፎልደሮቹን እንዲህ ነበር ያደራጀኋቸው። «ቤተሰብ» የሚል አንድ ትልቅ ፎልደር፣ በውስጡ ደግሞ «ቤት»፣ «እማ»፣ «እህቴ»፣ «እኔ» የሚሉ አራት። የትኛው ወረቀት የት እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝርም በጉግል ሺትስ፣ በጉግል የሠንጠረዥ መሥሪያ፣ ሠርቼ አብሬ አስቀመጥኩ። ያማረ መስሎኝ ነበር። ችግሩ ትልቁ ፎልደር ላይ የሰጠኸው ፈቃድ በውስጡ ወዳሉት ሁሉ መውረዱ ነው።

አንድ ቀን ለቤቱ ጉዳይ ካርታውን ለአንድ ሰው መላክ ነበረብኝ። ቸኩያለሁ። ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው ማየት ይችላል የሚለውን መርጬ፣ ሊንኩን ገልብጬ በቴሌግራም ላክሁ። የገለበጥኩት ግን የካርታውን ሊንክ ሳይሆን የትልቁን ፎልደር ነበር።

ከሳምንታት በኋላ እህቴ ማታ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ሰው አለ እንዴ? የግመል ምስል ይታየኛል።»

ጉግል ሺትስ በሊንክ ብቻ የገባን፣ ማንነቱ የማይታወቅን ሰው በእንስሳ ምስል ነው የሚያሳየው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈትኩት። ግመሉ አለ። የእህቴ ፓስፖርት፣ ኢቃማዋ (የሳዑዲ መኖሪያ ፈቃዷ)፣ የእናቴ መታወቂያ፣ ሁሉም ለዚያ ሰው ክፍት ነው። ሊንኩ ከላክሁለት ሰው ወደ ማን እንደተላለፈ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ወዲያው ዘጋሁት። መዝጋት ግን ከዚያ ወዲያ እንዳይገቡ ነው እንጂ ቀድሞ የወረደን ፋይል አይመልስም። እህቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። ምንም አላለችኝም፣ ዝም ማለቷ ግን ከበደኝ።

በማግስቱ ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ትልቁን ፎልደር ለማንም አላጋራም። እህቴን በኢሜይሏ «ቤት» ላይ እንድታይ ብቻ፣ የራሷ ፎልደር ላይ ደግሞ እንድታስተካክልም ፈቀድኩላት። በማጋሪያው ሴቲንግ ውስጥ ማስተካከል የሚችል ሰው ለሌላ እንዲያጋራ የሚፈቅድ ምልክት አለ፤ እሱን አጠፋሁት። አሁን ለውጭ ሰው አንድ ወረቀት መላክ ካለብኝ ለብቻው ፎልደር አወጣለታለሁ፣ ቅጂውን አስገባለሁ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ አጠፋዋለሁ። ሊንኩን ከመላኬ በፊት ኢንኮግኒቶ ላይ፣ አካውንቴ ባልገባበት የብሮውዘር ገጽ፣ ከፍቼ አየዋለሁ። ግባ ወይም ፈቃድ ጠይቅ ካለኝ ዝግ ነው። ሰከንድ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ያን ቀን ባደርገው ኖሮ ግመሉን አላይም ነበር።

ሌላው የስልክ ቁጥር ነገር ነው። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍቼ ስለነበር ስገባ ኮድ በኤስኤምኤስ ይመጣል። ከኮምቦልቻ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ስልኬን ጣልኩ። ሲም እስካወጣ ድረስ ኮድ የሚመጣበት የለም። ያዳኑኝ ቀድሜ ያተምኳቸው መጠባበቂያ ኮዶች ናቸው። ጉግል አሥር ይሰጥሃል፣ እያንዳንዱ ስምንት አኃዝ ነው፣ አንዱ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ሁለት ደረጃውን ያበራችሁ ሁሉ እባካችሁ ዛሬውኑ አትሟቸው።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ወረቀቱ አለ፣ ግን አትደርስበትም። ለአንድ ጉዳይ የልደት ምስክር ወረቀቴን ፈልጌ ስልኬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ቅጂ ሰቨን ዚፕ በሚባል ፋይል መቆለፊያ ፕሮግራም፣ በይለፍ ቃል ቆልፌ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ። ፍላሹ ያለው አክስቴ ቤት፣ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው። ፍላሹና ዋናዎቹ ወረቀቶች አንድ ቤት ቢሆኑ ምን ዋጋ አለው?

ለወረቀት ብቻ የከፈትከው አካውንት ደግሞ ይረሳል። ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካን አካውንት ሊያጠፋው ይችላል። እኔ በየዓመቱ ለአረፋ፣ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ እከፍተዋለሁ። ማን ምን ማየት እንደሚችል አንድ በአንድ አያለሁ፣ የማያስፈልገውን አወጣለሁ፣ አዲስ ወረቀት ካለ እጨምራለሁ። ፍላሹንም ያኔ አድሰዋለሁ። ዘንድሮ እህቴ ቪዲዮ ላይ ሆና አብራኝ አየች።

ኮዶቹ የታተሙበትን ወረቀት ለእናቴ ሰጠኋት። ማንበብ ባትችልም ምን እንደሆነ አስረድቻታለሁ። ለአራት አጥፋ ሳጥኗ ውስጥ፣ ከኒካህ ወረቀቷ ሥር አስገባችው። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።